ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

ከትራክተሩ ኋላ ያለው የሃይድሮሊክ መጋጠሚያ የቱቦውን ጫፍ ሲቀበል «ቀጭ» ይላል። ብዙ ኦፕሬተሮች ይህን ድምፅ ሲሰሙ ሥራው አለቀ ብለው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ድምፁ ግን የሚመሰክረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው መጋጠሚያ ልካቸው አንድ መሆኑን። የግማሽ ኢንቹ ፈጣን መጋጠሚያ በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ልክ እንዲኖረው የተደረገው የአንዱ ፋብሪካ ትራክተር በሌላው ፋብሪካ ዕቃ መሥራት እንዲችል ነው። ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጥቅሙ ግን ዕዳ ይዞ መጣ። የ50 ፈረስ ጉልበት ትራክተርና የ150 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ከኋላ ሲታዩ መጋጠሚያቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ «ይህ ለዚያ አይሆንም» ብሎ የሚከለክል ነገር ብረቱ ላይ የለም። ከልካዩ እርስዎ ነዎት። ትራክተርና ተቀጽላ መሣሪያ መዛመዳቸው የሚታወቀው ቱቦ በመግጠም ሳይሆን፣ ከመግጠም በፊት የአንዱን ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር በማስተያየት ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሃሪ ፈርጉሰን ሃይድሮሊክ ማንሻን ከሦስት ነጥብ ማያያዣ ጋር አዋሕዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ለገበያ ያወጣው ትራክተር የራሱ ማረሻና መሣሪያዎች ነበሩት። በ1939 ከፎርድ ጋር የወጣው 9ኤንም መንገዱ ይኸው ነበር። ማረሻውና ትራክተሩ እንደ አንድ ማሽን ታስበው ስለተሠሩ ስሌቱን የጨረሰው ፋብሪካው ነው፤ ለገበሬው የቀረለት ማገናኘት ብቻ ነበር። ዛሬ በአርሲ ወይም በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ የሚሠራ ትራክተር ከአንድ አገር፣ ማረሻው ከሌላ አገር፣ ገልባጭ ተሳቢው ደግሞ ከቅርብ ብረታ ብረት ቤት የመጣ ቢሆን አያስገርምም። ሦስቱን አንድ ላይ ያሰላ መሐንዲስ የለም። ስሌቱ ባለቤቱ ላይ ወድቋል።

እንግዲህ ደብተር ያውጡና ከትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ወይም ከስም ሰሌዳው ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ። አንደኛው ግፊት ነው፤ በባር ይለካል። ሁለተኛው ፍሰት ነው፤ ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር ዘይት እንደሚገፋ ይናገራል። ሁለቱን ማምታታት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። ግፊት የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ፍሰት የሚሰጠው ፍጥነት ነው። የውስጥ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር እንውሰድ። የፒስተኑ ገጽ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ባር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ስለሚያሳርፍ፣ በ180 ባር ይህ ሲሊንደር ወደ 9 ቶን፣ ማለትም 90 ኩንታል ያህል ይገፋል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ ለመሙላት 5 ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ በደቂቃ 40 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ በሰባት ሰከንድ ተኩል ይሞላዋል። ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስ ጉልበቱ አይነካም፤ ሥራው ብቻ ይዘገያል። ግፊቱ ከጎደለ ግን ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ ዕቃው አይነሳም። ስለዚህ «አላነሳም» ያለ ተሳቢ ሞተሩን በማስጮኽ አይድንም፤ ዙር መጨመር ፍሰትን እንጂ የግፊትን ጣሪያ አይጨምርም።

በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ግን የአዲስ ትራክተር ቁጥር ነው። ብዙ ሺህ ሰዓት የሠራ ፓምፕ ውስጡ ስለሚበላ የተጻፈለትን ላይሰጥ ይችላል። ግፊቱን ለማወቅ እስከ 400 ባር የሚያነብ ጌጅ ከኋላው መጋጠሚያ ላይ ይግጠሙ፤ ዘይቱ ሲሞቅ ማንሻውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ብቻ ይሳቡና መርፌው የቆመበትን ይጻፉ። ፍሰቱን ለማወቅ የተለየ መሣሪያ ባይኖርዎም ልኩን የሚያውቁት ሲሊንደርና የእጅ ስልክ ሰዓት ይበቃል። ያው የ80 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር 60 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ 3 ሊትር ይወስዳል። ያለ ጭነት በአራት ሰከንድ ተኩል ከወጣ ፍሰትዎ በደቂቃ 40 ሊትር ነው፤ ዘጠኝ ሰከንድ ከፈጀበት 20 ነው።

ሦስተኛው መረጃ ቁጥር ሳይሆን ጠባይ ነው፤ ማንሻው መሃል ላይ ቆሞ ሳለ ዘይቱ ምን ያደርጋል? በብዙዎቹ ነባር ትራክተሮች ፓምፑ ያለማቋረጥ ይገፋል፤ ዘይቱም በቫልቩ ውስጥ አልፎ ያለ ግፊት ወደ ጋኑ ይመለሳል። ይህ ክፍት መሃል ይባላል። በሌሎች፣ በተለይ በትልልቆቹና በአዳዲሶቹ፣ ማንም ካልጠየቀ ፍሰቱ ይቆማል፤ ፓምፑ ራሱ ይቀንሳል። ይህ ዝግ መሃል ይባላል። የራሱ ቫልቭ ያለው ተቀጽላ ሲገዙ፣ ለምሳሌ የፊት ሎደር፣ ቫልቩ ከሁለቱ ለየትኛው እንደተሠራ መጠየቅ አለብዎ። የዝግ መሃል ቫልቭ በክፍት መሃል ትራክተር ላይ ቢገጠም ዘይቱ መመለሻ ያጣል፤ ሥራ ባይኖርም ሙሉ ግፊቱን ይዞ፣ ግፊት ከልኩ ሲያልፍ በሚከፈተው ማስተንፈሻ ቫልቭ በኩል እየተጨመቀ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ክርክር አለ። «ማስተንፈሻ ቫልቩ የተቀመጠው ለዚሁ አይደለም ወይ? ግፊቱ ሲያልፍ እርሱ ይከፍታል፤ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። ቫልቩ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ የተሠራው ግን ለቅጽበት ነው። ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80ን ብንወስድ ፓምፑ በሙሉ ዙር በደቂቃ 45 ሊትር ገደማ ይገፋል፤ የሃይድሮሊክ ጋኑ 25 ሊትር ያህል ይይዛል። 45ን በ180 ባር አባዝተን ለ600 ብናካፍል 13 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት እናገኛለን፤ ከ18 ፈረስ ጉልበት አያንስም። ዘይቱ ሥራ ሳይሠራ በማስተንፈሻው ሲያልፍ ይህ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት 25 ሊትር ዘይትን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ15 ዲግሪ በላይ ሊያሞቅ ይችላል። ሦስት ደቂቃ ከቆየ ለብ ያለው ዘይት እጅ የማይነካው ይሆናል፤ ይቀጥናል፣ ጎሚኒዎቹን ያደርቃል፣ ፓምፑንም ይበላል። ቫልቩ ሲጮኽ ከሰሙ እየጠበቀዎ ብቻ ሳይሆን እየለመነዎም ነው፤ ማንሻውን ይመልሱ።

ከዚህ የባሰው ግን ማስተንፈሻው ጨርሶ የማያየው ግፊት መኖሩ ነው። በሁለቱም በኩል ዘይት የሚገባበት ሲሊንደር ሁለት ቱቦ አለው፤ በአንዱ ሲገባ በሌላው ይመለሳል። የመመለሻው መጋጠሚያ በቆሻሻ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቢቀር በውስጡ ያለው ኳስ መንገዱን ይዘጋዋል። ፓምፑ ሰፊውን ገጽ በ180 ባር ይገፋል፤ ዘንጉ ባለበት በኩል ያለው ገጽ ግን ጠባብ ነው። በ80 ሚሊ ሜትሩ ሲሊንደር ዘንጉ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠባቡ ገጽ 34 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያው ኃይል በጠበበ ገጽ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይበዛል፤ በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ከ260 ባር በላይ ይደርሳል። ማስተንፈሻው ያለው ከመጋጠሚያው ወዲያ፣ ትራክተሩ ላይ ስለሆነ ይህን አያውቅም። ጌጅዎም 180 ማለቱን አይተውም። «ቀጭ» ማለቱ በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከገባ በኋላ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው መያዙን ይፈትሹ።

ያን ግፊት የሚሸከመው ቱቦ ምን ዓይነት ነው? በቱቦው ወገብ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠርገው ያንብቡ። 1ኤስኤን የሚለው አንድ የሽቦ ጥልፍ ያለው ነው፤ በግማሽ ኢንች ልክ የተፈቀደለት የሥራ ግፊት 160 ባር ነው። 2ኤስኤን የሚለው ሁለት ጥልፍ አለው፤ በዚያው ልክ 275 ባር ይሸከማል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ጥቁር ጎማ ናቸው፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ገዢውን ወደ ቀላሉ ይስበዋል። 180 ወይም 200 ባር በሚሰጥ ትራክተር ላይ ባለ አንድ ጥልፉ ቱቦ ከመነሻው ከልኩ ውጭ ነው። «ቱቦ የሚፈነዳው ከተጻፈበት በአራት እጥፍ ነው፤ 640 እስኪደርስ ምን አለብኝ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። አራት እጥፉ እውነት ነው፤ ግን ለአዲስ ቱቦ ነው፤ የተተወውም እርስዎ እንዲጠቀሙበት አይደለም። ተሳቢው ጉድጓድ ሲመታ ለቅጽበት ለሚዘልለው ግፊት፣ ለፀሐይ፣ ለመታጠፍ፣ ለመፋቅና ለዕድሜ ነው። መጠባበቂያውን በመጀመሪያው ቀን ከበሉት ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚቀር የለም።

ቱቦው የሚታሰርበት ጥርስ ነገርም በዝግታ መታየት ያለበት ነው፤ ዓይንን የሚያታልል ስለሆነ። በሶቪየት ልክ በተሠሩት የቤላሩስ ሃይድሮሊኮች ላይ ውጩ 20 ሚሊ ሜትር፣ እርምጃው 1 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥርስ በብዛት አለ። የእንግሊዙ ግማሽ ኢንች ደግሞ ውጩ 21 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ያለው ነው። የመጀመሪያውን ወንዴ በሁለተኛው ሴቴ ውስጥ ቢያስገቡት እንደገባ ያህል ሊመስል ይችላል፤ ቴፍሎን ሲጠመጠምበት ደግሞ የጠበቀ ይመስላል። የያዘው ግን የጥርሱን ጫፍ ብቻ ነው፤ ግፊት ሲመጣ እንደ ጥይት ይወረወራል። የአሜሪካኑ ግማሽ ኢንች ደግሞ ይበልጥ አሳሳች ነው። እርሱም በኢንች 14 ጥርስ አለው፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን 60 ዲግሪ ሲሆን የእንግሊዙ 55 ነው፤ ቅርጹም ወደ ጫፉ የሚሾል ነው። አንድ ሁለት ዙር በሰላም ይሄዳል፤ ከዚያ ይጨናነቃል። በእጅ እስከ መጨረሻው ያልዞረ ጥርስ በቁልፍ እንዲዞር አያስገድዱት። ካሊፐርና የጥርስ መለኪያ ያለው ቶርኖ ቤት ትክክለኛውን ማሸጋገሪያ ይነግርዎታል፤ ቴፍሎን ግን የልክን ስሕተት አያርምም።

ቀጥሎ ዘይቱን በሊትርም በዓይነትም ያስቡ። ገልባጭ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በአንድ በኩል ብቻ ዘይት በሚገባበት ሲሊንደር ነው፤ የላከው ዘይት ሳጥኑ እስኪወርድ ድረስ አይመለስም። አማካይ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ሲሊንደር ወደ 12 ሊትር ይዞ ይቆያል። ከ25 ሊትር ጋን ላይ 12 ሲወጣ ፓምፑ አየር መሳብ ሊጀምር ይችላል፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይጀምራል። ዘይቱ አረፋ ካወጣ ወይም ፓምፑ ካጉረመረመ ይህ እየሆነ ነው። ልኩን የሚያዩት ሲሊንደሩ ሁሉ ገብቶ ሳለ ነው፤ ተነሥቶ ሳለ ከሞሉት ሲወርድ በመተንፈሻው ይፈስሳል። በብዙ ትራክተሮች ደግሞ ሃይድሮሊኩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ እዚያ ዘይት ሲጎድል የሚጎዳው ጥርሳ ጥርሱም ነው። አንድ ተሳቢ በሦስት ትራክተሮች መካከል የሚዞር ከሆነ የአንዱን ዘይትና ቆሻሻ ለሌላው እያደረሰ መሆኑን አይርሱ። መጋጠሚያውን ከመግጠምዎ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲፈቱም ክዳኑን ይክደኑ፤ መሬት ላይ የተጎተተ ጫፍ አሸዋውን ይዞ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዳል።

በሃይድሮሊክ ሞተር የሚሽከረከር ዕቃ ካለዎት መመለሻው ሰፊና ነፃ መሆን አለበት፤ ሲያቆሙትም ማንሻውን በድንገት ወደ መሃል አይመልሱት፤ ተንሳፋፊ ቦታ ካለው እዚያ ያድርሱትና በራሱ ይቁም።

አሁን ወደ መግጠሙ እንምጣ። ተቀጽላውን መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ማንሻ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው በማንቀሳቀስ የቀረውን ግፊት ያስተንፍሱ። ፀሐይ ላይ የዋለ ተቀጽላ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ሞቆ ስለሚሰፋ መጋጠሚያው አልገባ ይላል። በመዶሻ አይምቱት፤ ጥላ ይፈልጉለት ወይም ግፊቱን በመሣሪያ ያስተንፍሱ። ቱቦዎቹን በቀለም ለይተው ምልክት ያድርጉ፤ «ማንሳት» ያሉት ማንሻ ዕቃውን ያወረደ ዕለት ሥሩ ሰው ሊኖር ይችላል።

የሚያንጠባጥብ ቱቦ ካለ በእጅዎ አይፈልጉት። ይህን ደግሜ መናገር እወዳለሁ፦ በእጅዎ አይፈልጉት። የመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ጓንትንም ቆዳንም በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያምም ይችላል። ዘይቱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየተሰራጨ ሥጋውን ይገድላል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ ጣት ወይም እጅ እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ፍሳሹን ለማግኘት ካርቶን በቱቦው አጠገብ ከርቀት ያሳልፉ፤ ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ምልክት ይጥላል። አደጋው ከደረሰ ጤና ጣቢያ በፕላስተር እንዳይመልስዎ «በከፍተኛ ግፊት የተረጨ የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶብኛል» ብለው በግልጽ ይናገሩና የቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ።

የሃይድሮሊኩ ቁጥር ሁሉ ከተስማማ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሃይድሮሊኩ ያነሳውን ትራክተሩ ይችለዋል? የማንሳት አቅም በመጽሐፍ ሲጻፍ አንዳንዱ የሚለካው በታችኞቹ ክንዶች ጫፍ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ከጫፉ 61 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ያነሰና ለሥራው የቀረበ ነው። ከዚያ ሚዛኑን ያስሉ። 2,800 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር ፊቱ ላይ 1,120 ኪሎ አለው እንበል። 600 ኪሎ የሚመዝን ተቀጽላ የክብደቱ ማዕከል ከኋላው አክስል 1 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢንጠለጠል፣ የፊትና የኋላ ጎማው ርቀት ደግሞ 2 ሜትር ከ20 ቢሆን፣ ከፊቱ ላይ 518 ኪሎ ይቀልላል። የሚቀረው 602 ነው። መሪው እንዲታዘዝ ቢያንስ የትራክተሩ ክብደት አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 560 ኪሎ ፊቱ ላይ መቅረት አለበት። አልፏል፤ ግን በ42 ኪሎ ብቻ፤ ያውም ሜዳ ላይ። ዳገት ሲገጥመው ወይም ቦይ ሲዘል ያቺ ትርፍ የለችም። የፊት ክብደት ይጨምሩ ወይም ትንሹን ተቀጽላ ይምረጡ። የማያያዣው ፒን ልክም እዚሁ ይታያል፤ በምድብ 1 የታችኛው ፒን 22፣ በምድብ 2 ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹን ፒን በትልቁ ቀዳዳ ማወዛወዝ ብረቱን ቀስ በቀስ ይሰብራል፤ ማጥበቢያ ቀለበቱ ርካሽ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩ ባዶውን፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ሰው ሁሉ ርቆ ይሁን። ሦስት አራት ጊዜ አንስተው ያውርዱ፤ አየሩ ይወጣል። ቱቦዎቹ ሳጥኑ ሲነሳም ትራክተሩ ሲታጠፍም እንዳይወጠሩና በጎማ እንዳይበሉ ይመልከቱ። ከዚያ በከፊል ጭነት፣ ከዚያ በሙሉ። ከተነሳ ሳጥን ሥር ለመግባት ሃይድሮሊክን ብቻ ማመን ፈጽሞ አይቻልም፤ አንድ ጎሚኒ ቢያፈተልክ ወይም አንድ ልጅ ማንሻውን ቢነካ ይወርዳል። ክብደቱን የሚሸከም የብረት ድጋፍ ሳያቆሙ ጭንቅላትዎን አያስገቡ።

«ይህን ሁሉ ሳናደርግ ዓመታት ሠርተናል» የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። ቱቦ በአንድ ቀን አይሞትም፤ ፓምፕም በአንድ ዝናብ ወቅት አያልቅም። የሚያልቀው በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ ምክንያቱ ተረስቶ «አረጀ» ይባላል፤ በልኩ ቢሠራ ግን ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር። ወጪው ከበደ የሚሉም አሉ። ጌጁ አንዴ ይገዛል፤ ለማኅበር ወይም ለቀበሌ አንድ ሆኖ ለብዙ ትራክተሮች ይበቃል። ምርት በሚሰበሰብበት ሳምንት የተቃጠለ ፓምፕ የሚያስቀረው ሥራና የመለዋወጫ ፍለጋው ጊዜ ከጌጁ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ዛሬ ቀለምና ብሩሽ ይውሰዱ። በትራክተሩ መከላከያ ላይ የለኩትን ግፊትና ፍሰት፣ መሃሉ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ይጻፉ። በእያንዳንዱ ተቀጽላ ላይ ደግሞ የሚፈልገውን ግፊት፣ የሚወስደውን ሊትርና ክብደቱን በኪሎ ይጻፉ። ነገ ሌላ ኦፕሬተር ቱቦውን ይዞ ሲቀርብ ከ«ቀጭ» በፊት ቁጥሮቹን ያንብብ።